ሁለተኛውን ካሴት አስቀድመን

ዛሬ በየሰፈሩ የሲዲ ማከራያ አለ። ሰው በሳምንት አሥር ፊልም ይወስዳል፣ አሥሩንም ይመልሳል፣ አንዱንም አያስታውስም። እኛ ናዝሬት ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ በሁለት ዓመት ያየነው አሥራ አንድ ፊልም ነው። አሥራ አንዱንም ከነጭረታቸው፣ ምስሉ ከሚንቀጠቀጥበት ቦታ ጋር፣ አሁንም ልተርክላችሁ እችላለሁ። ማንም አይጠይቀኝም እንጂ።

«እኛ» የምለው ሦስት ሰው ነው። ቤቱና ዴኩ የጋሼ ነበር። ጋሼ የምንላቸው ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ጅቡቲ ያገባች ልጃቸው ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ልካላቸዋለች። ባሏ ጥበቃ ሆኖ የሚሠራበት የፈረንሳዮች ክበብ የጣለውን ካሴት ደግሞ ሳትመርጥ በባቡር ሠራተኛ እጅ ትሰድላቸዋለች። ጋሼም በሥራ ላይ በለመዱት ፈረንሳይኛ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጠው ይተረጉሙልናል። ሁለተኛዋ ሲስተር ናት፤ ደራ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፣ እሑድ ከሰዓት በአውቶቡስ ትመጣለች። የቤተሰቧ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ እሑዷ ባዶ ሆኖባት ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ አዲስ የተመደብኩ መምህር፣ ብዙ ያነበብኩ፣ ካነበብኩትም በላይ የማወራ፣ ሰው ጥሩ ያለውን መጥፎ ካላልኩ ምሳ የማይዋጥልኝ።

የከተማው ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ያሳያል፣ ሕዝቡም አልቅሶ ይወጣል። እኔ ይህን እንቅ ነበር። ፊልም ማለት የማይለቀስበት፣ የማይዘፈንበት፣ ከተቻለም የማይነገርበት ነው የሚል ሃይማኖት ነበረኝ።

የናዝሬት ነፋስ አቧራውን በተዘጋ መስኮት ያስገባል። ስለዚህ ሲስተር ስፒሪትና ጥጥ ይዛ ትመጣና የዴኩን ክዳን ከፍታ፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚጸዳ አድርጋ ካሴቱን የሚያነበውን «ሄድ» ትጠርጋለች።

«አካም ኦልታኒ፣ ልጄ፤ በሽተኛው እንዴት ነው?» ይሏታል ጋሼ።

«ሳል አለበት።»

ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል። የመጋረጃው መዘጋት አንድ ጊዜ ቀበሌ አስመጣብን፤ ተደብቀን የምንጸልይ መስሏቸው ነበር። የመጣው የጥበቃ ጓድ በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጠበቀ። ሴትዮዋ አሁንም ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የምታደርገው?» አለ።

«ትጠብቃለች» አሉ ጋሼ።

«ማንን?»

«እሱን ነው እኛም የምንጠብቀው።»

ጓዱ ጥቂት ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ «ለዚህስ መጋረጃ አያስፈልግም፤ ማንም አይሻማችሁም» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሂስ አላነበብኩም።

ጉዳዬ ያቺ ተቀምጣ የምትጠብቀው ሴት ያለችበት ፊልም ነው። በሁለት ካሴት መጣ፤ ካሴቶቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ጋሼ እሽጉን ሲፈቱ ከላይ ያገኙትን አንደኛ፣ ከታች ያገኙትን ሁለተኛ ብለው በብዕር ምልክት አደረጉባቸው። አንደኛው ላይ ሴትዮዋ ወንዝ ዳር ባለ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ዓሣ ታጸዳለች፣ ደብዳቤ ጽፋ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች፣ መጨረሻ ላይ ቤቷን ቆልፋ በረጅሙ መንገድ ስትሄድ ካሴቱ ይቆረጣል። ሁለተኛው በሙዚቃ ይጀምራል፣ የተዋንያኑ ስም ይወጣል፣ አንድ ሰው በጀልባ ተሻግሮ በሯን ያንኳኳል። የምትለውን ጋሼ እንዲህ ተረጎሙት፦ «ማን ልበል?» ሰውየው ይገባል፣ ሾርባ ይበላሉ፣ ይስቃሉ። በኋላ የሚያፈሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዲስ ቆርቆሮ ያስተካክልና ምስማር ስጪኝ ብሎ እጁን ይዘረጋል። ትሰጠዋለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየን ዕለት እኔ አፌን ከፈትኩ። የተዋንያኑ ስም መሃል ላይ መውጣቱ ድፍረት ነው አልኩ። «ፊልሙ የሚጀምረው ሰውየው ሲመለስ ነው፤ ያለ እሱ የኖረችው አይቆጠርም ማለቱ ነው።» የገዛ ሰውዋን «ማን ልበል?» ማለቷንም አብራራሁ። ብዙ የጠበቁት ሰው ሲመጣ እንግዳ ነው አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲስተር ጥጡን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

ባሏ ሾፌር ነበር። ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ አንድ ክረምትና አንድ በጋ። ዘመዶቿ ስሙን ማንሣት ትተዋል። እሷ ግን ሸሚዞቹን በየወሩ አጥባ ትተኩሳለች።

«የኔ ሲመጣ እኔም እንደሷ ነው የምለው» አለች። «በሩን ሳልከፍት፦ ማን ልበል?»

«ቢቀየምሽስ?» አሉ ጋሼ።

«ይቀየማ። መጥቶ ይቀየም።»

በሌሎቹ አሥር ፊልሞች እንከራከር ነበር። ጋሼ የጉድጓድ ቆፋሪውን ይወዱታል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቆፍራል፣ ውሃ አይወጣም። «እዚህ ቅርብ፣ ዓለም ጤና ከተማ ዳር ቢቆፍር እስካሁን ሽንኩርት ያጠጣ ነበር» እላቸዋለሁ። «አንተ ደግሞ መምህር፣ ካህኑ አርባ ደቂቃ ጫማውን የሚፈልግበትን ነው የምትወደው» ይሉኛል።

«ጫማው እምነቱ ነው፣ ጋሼ።»

«ጫማው ጫማ ነው። አልጋው ሥር ነበር፤ እኔ አይቼዋለሁ።»

የሲስተር ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እንግዲያው ያንን እንድገመው።» ያንን ማለት የቱ እንደሆነ የታወቀ ነው።

ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ጊዜ ይመስለኛል። አንደኛው ካሴት ላይ ሴትዮዋ ከቤት ወጥታ ዘወር ብላ ታያለች። ጣሪያው ላይ አዲስ ቆርቆሮ አለ፤ ሰውየው ገና በሁለተኛው ካሴት ላይ የሚመታው ቆርቆሮ። ካሴቶቹ ተገላብጠው ኖሯል። ሰውየው መጥቶ ሄዷል፣ አይመለስም። «ማን ልበል?» ያለችው ስለማታውቀው ነው። እኛ ፊልሙን ከጅራቱ ነበር የምናየው፤ ለጅራቱም ፍልስፍና የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቀና ስል ጋሼ ቀድመው እኔን እያዩ ነበር። ሲስተር ከሄደች በኋላ በሩ ላይ ያዝኳቸው።

«ያውቁ ነበር።»

«ከሁለተኛው እሑድ ጀምሮ። ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ የማላውቅ ምን ዓይነት ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ?»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«እንዲያ አሳምረህ ስታስረዳ?»

ልንነግራት ይገባል አልኩ። ሰው በተገለበጠ ካሴት ተስፋ ማድረግ የለበትም አልኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እውነቱን የፈለግኸው ለሷ ነው ወይስ ለራስህ?»

እሑድ እሑድ የደራ አውቶቡስ ከመድረሱ በፊት መናኸሪያው አካባቢ የምዞረው፣ በአጋጣሚ ያገኘኋት መስዬ ቦርሳዋን የምቀበላት፣ ለሥነ ጥበብ ስል እንዳልነበር አይተዋል። ያን ሳምንት ለእሷ የምናገረውን ስቀምር ሰነበትኩ፤ እሑድ ሲመጣ ዝም አልኩ። መናገር እየቻልኩ ዝም ያልኩት ያኔ ብቻ ስለሆነ በደንብ አልሠለጠንኩበትም። ጋሼ አፌን ልከፍት ስል ባዩ ቁጥር ሳሉብኝ።

ከዚያ ሦስት እሑድ ቀረች። በአራተኛው ጥቁር ለብሳ መጣች። ማንም ሳይናገር የዴኩን ክዳን ከፈተች፣ ጥጡን ነከረች፣ እየጠረገች ነገረችን። ከባሏ ጋር የነበረ ቁስለኛ ደራ ድረስ መጥቶ አግኝቷታል። በእጄ ነው የቀበርኩት ብሏታል።

«እኛ አልሰማንም፤ ለቅሶ እንኳ ሳንደርስ» አሉ ጋሼ።

«እኔ ነኝ ያላስነገርኳችሁ። እዚህ ቤት ገና አልሞተም ነበር።»

ክዳኑን ገጠመች። «ዛሬ ሁለተኛውን አስቀድሙት፤ በደንቡ እንየው።»

«ጣሪያውን አየሽው?» አልኩ።

«መጀመሪያ ዕለት ነዋ። የሚያፈስ ቤት ነው የምኖረው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስታስረዳ ደስ ይል ነበር» አለች። ሙገሳ ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በደንቡ አየነው። ሰውየው ሲያንኳኳ፣ ጋሼ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷ «ማን ልበል?» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እውነትም እንደማታውቀው። ምስማሩን ሰጠችው። ጋሼ ተነሥተው ካሴቱን አወጡ፣ ሌላውን ከተቱ፤ ሴትዮዋ ብቻዋን ነበረች። ሲሄድ እንኳ አላሳዩንም። ካሴት ስንቀይር ሄደ።

ሴትዮዋ ቤቷን ቆልፋ መንገዱን ጀመረችው።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ ጋሼ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተርጓሚው ጠያቂ ሆኑ።

«ሥራ» አለች ሲስተር። «ሌላ ምን አላት?»

የስፒሪቱን ጠርሙስ እዚያው ትታልን ተነሣች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ልነግራት የምፈልገው ከሦስት ቃል አይበልጥም ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ፊልሙ ብርሃን አወራሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አነሣችልኝ፣ እኔም አነሣሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች ሲባል ሰማሁ።

ጋሼ ሳይሞቱ ሁለቱን ካሴት ሰጡኝ። በቀደም አንድ ሱቅ ወስጄ ወደ ሲዲ አስገለበጥኳቸው። ባለሱቁ የተዋንያኑን ስም አይቶ «ይኼኛው ነው የሚቀድመው፣ ጋሽዬ» አለኝ።

«እሱን መጨረሻ አድርገው።»

«ስህተት ይሆናል እኮ።»

«ስህተት ነው» አልኩት። «እንደዚያው አድርገው።»