ፊንላንድን ያስተማረን የአሥራ ሁለት ቀን እንግዳ

በመጀመሪያ የተበደልኩት ይመዝገብልኝ። ሰባት ዓመት ስለኖርኩበት አገር፣ አሥራ ሁለት ቀን የጎበኘው ሰው ጠይቆኝ፣ እውነቱን ብመልስ ስህተት ተባልኩ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት እዚህ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ነው። የቀረብኝ የውድድር ነጥብ አንድ ብቻ ነው። ያልረሳሁት ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀላጅ ስለተደረግሁ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን ቫን እየመጣ የሚወስደን የአረጋውያን መዋያ አለ። ሰውነታችንን ያፍታቱናል፣ ደም ግፊታችንን ይለኩናል፣ ምሳ ያበሉናል። አርብ አርብ ደግሞ አንድ አገር ያስተዋውቁናል። የዚያን ቀን ተራው የፊንላንድ ነበር። አስተማሪው ጄሪ የሚባል ጡረተኛ በጎ ፈቃደኛ ነው። በመርከብ ሽርሽር ሄዶ አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ መጥቷል፤ ያውም በሐምሌ። እኔና ባለቤቴ ከሱዳን የስደተኛ ጣቢያ ተነስተን የገባነው ፊንላንድ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ወለል ሳጸዳ ኖሬያለሁ። ባለቤቴም ያረፈው እዚያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ልጄ ወደዚህ ያስመጣችኝ።

ጄሪ ፎቶ እያሳየ አወራ። አገሩ ከአውሮፓ ሰሜን ጫፍ ነው፣ ደን ነው፣ ሐይቁ ተቆጥሮ አያልቅም አለ። እውነት ነው። በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም፣ እንዴት ደስ ይላል አለ። መቼም የእሱ መርከብ ወፍራም መጋረጃ አለው። እኔ መስኮቴ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር መትቼ ነበር የምተኛው። ምሳ በልተህ ሳትጨርስ ስለሚጨልመው ክረምት ግን አንድ ፎቶ አልነበረውም። ሕፃናትን በጋሪ አድርገው ደጅ፣ ብርዱ ላይ ያስተኛሉ ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። እሱም እውነት ነው፣ አይቻለሁ፤ ልጁ ጉንጩ ቀልቶ ለጥ ብሎ ይተኛል።

ስለ ሳውና፣ ስለ እንፋሎት መታጠቢያቸው ሲናገር ደግሞ ተአምር አደረገው። የእኛ ሕንፃ ሳውና ምድር ቤት ነበር። በሩ ላይ የተራ ዝርዝር ይለጠፋል፤ ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት አንድ ሰዓት። አንድ ደቂቃ የሚያሳልፍ የለም። ለዚህ ለዚህ እወዳቸዋለሁ፤ ተራ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ከዚያ በጠረጴዛ በጠረጴዛ የጥያቄና መልስ ውድድር ተጀመረ። እኛ ሐበሾቹ አራት ነበርን። የደረሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ ፊንላንዳዊ ከቤቱ ሊወጣ ሲል ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ካለ ምን ያደርጋል? ሳቄ መጣ። እጄን አውጥቼ፣ በሩ ውስጥ ቆሞ የጎረቤቱ ኮቴ እስኪጠፋ ይጠብቅና ይወጣል አልኩ።

የምታስተረጉምልን ቤዛ ናት፤ በዲቪ የመጣች ጥሩ ልጅ፣ ይሉኝታ ግን ሊገድላት ነው። ተረጎመችና ፈገግ ብላ «ሺ ኢዝ ጆኪንግ» ብላ ጨመረች። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም ይህቺን ይህቺንማ እሰማለሁ። ጄሪ ሳቀ። አዳራሹም ሳቀ። የጄሪ ወረቀት ላይ ያለው መልስ «ፈገግ ብሎ ሰላም ይላል፣ ቆሞም ይጨዋወታል» የሚል ነበር። ነጥቡ ለሌላ ጠረጴዛ ተሰጠ።

«ቀለዱ ያልሽው ማንን ነው?» አልኳት ቤዛን።

«እማማ፣ ሰውየው ኦፌንድ እንዳይሆን ብዬ ነው። የሰው አገር የሰደቡ መስሎኝ።»

«አልሰደብኩም። እንዲህ ናቸው። እንዳለ ንገሪልኝ።»

ያን ጊዜ ስለ አንዲት ጎረቤቴ አስተረጎምኳት። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነበር። ስወጣ የእሷ በር እጀታ ንቅንቅ ይልና ይቆማል። መጀመሪያ ጥቁረቴን የሸሸች መስሎኝ አለቀስኩ። በኋላ ግን የራሷንም አገር ሰው እንደዚያው ስትሸሽ በዐይኔ አየሁ። እኩልነት ማለት ይህ ነው። በመጀመሪያው ክረምታችን በሬ ላይ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ አንዱ በእኔ ልክ፣ አንዱ በባለቤቴ። እሷ እንደሆነች ያወቅሁት ባለቤቴን ስንቀብር ያንኑ ዓይነት ካልሲ አድርጋ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ሳያት ነው። ላመሰግናት ሄጄ በሯን ባንኳኳ አልከፈተችም። ውስጥ እንዳለች ግን ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።

ጄሪ ስላካፈልሽን እናመሰግናለን አለ። መልሱን ግን ከመርከቡ መጽሔት ላይ ስላገኘው መለወጥ እንደማይችል ነገረን።

አቶ ሙሉጌታ የሚባሉ፣ ኦክላንድ ወደብ ትራክ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የጠረጴዛችን ሰው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «እትዬ አስካለ፣ ለአንድ ነጥብ ብለው ነው?»

«ነጥቧን ይውሰዷት» አልኳቸው። «እኔ ግን ቀላጅ ተብዬ ወደ ቤቴ አልገባም።»

ቫኑ ውስጥ ሁሉም በእኔ ሲስቅ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ልጄ ሰብለ እዚሁ አጠገባችን ሚልፒታስ የሚባል ከተማ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ፊንላንዳዊ ኢንጂነር እንዳላቸው ነግራኝ ነበር። ጥያቄውንና የእኔን መልስ በእንግሊዝኛ ጻፊና እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ይፈርምልኝ አልኳት። እማዬ፣ ሥራ ቦታ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ ኤች አር፣ ሠራተኛ አስተዳደር ድረስ ያስጠራኛል አለች። አንድ ሳምንት ሙሉ እምቢ አለች። እንግዲያው እኔው መጥቼ በር ላይ ቆሜ እጠይቀዋለሁ ስላት በማግስቱ ጠየቀችው። ወረቀቱን ብዙ ሲያይ ቆየ አለች፤ የተቀየመ መስሏት ደንግጣለች። ከዚያ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

አርብ ሲደርስ ጄሪ ስለ ፔሩ ሊጀምር ሲል ወረቀቱን ሰጠሁት። ቤዛንም ምንም እንዳትጨምሪ፣ ምንም እንዳትቀንሺ አልኳት። አሁን በጄሪ ቂም የለኝም፤ ነጥቡን በገዛ እጁ መልሶልናል። ቤዛም ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ ይሉኝታዋ ግን አሁንም አለ። እኔ እንደሆንኩ እውነት ተናግሬ ሲሳቅብኝ ዝም አልልም፣ ሰማንያም ቢሞላኝ አልልም። ጄሪ በእንግሊዝኛ፣ ቤዛ በአማርኛ፣ አዳራሹ እየሰማ ያነበቡት የፊንላንዳዊው መልስ ይህ ነው፦

«እውነት ነው። ታዲያ ሌላ ምን ይደረጋል?»