ባዶውን የማይመለሰው ምሳ ዕቃ

መቱ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ከህንድ የመጡ፣ ቀጭን፣ የአገራችንን ዝናብ እንደ ግል ጠላታቸው የሚያዩ መምህር ነበሩ። "ሰር" እንላቸዋለን። እኔ እንግሊዝኛ አንዴ ወድቄያለሁ። ከደገምኩ አባቴ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሱቁ ውስጥ ጨው ሊያስመዝነኝ ምሏል፤ አባቴ ደግሞ መሐላውን የሚያፈርስ ሰው አልነበረም፣ አበሳዬን!

አንድ ቀን ሰር ሌንድ እና ቦሮው የሚባሉ ሁለት ግሦች አመጡብን። የእኛ አዋሰ እና ተዋሰ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱን ያየ ሌላውን አያጣውም። የእንግሊዝኛዎቹ ግን በመልክም አይገናኙ። ሰር ግራ መጋባታችንን ሲያዩ ባለሦስት ድርቡን የቆርቆሮ ምሳ ዕቃቸውን አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት። ወደ ራሳቸው እያመለከቱ "ሌንድ!"፣ ወደ እኔ እያመለከቱ "ቦሮው!" አሉ። ገባኝ! ከደስታዬ ብዛት ደወል ሲደወል ዕቃውን እንደታቀፍኩ ቤቴ ገባሁ።

"ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! የሰው ዕቃ ባዶውን ልትመልሺ ነው? ምን ይሉናል?" አለች እናቴ። አንዱን ድርብ በጎመን፣ አንዱን በአይብ፣ አንዱን በያዮ ጫካ ማር ሞላችው።

ሰር ተቀብለው ፈዘዙ። በነጋታው፣ ለካ በአገራቸውም ባዶ መስደድ ነውር ኖሯል፣ ቢጫ ሩዝ ሞልተው ሰጡኝ። ሩዙን ዶሮዎቻችን እንኳ ተጠራጠሩት። እናቴ ግን መሸነፍ የት ታውቅና! ሽሮ ሠርታ በርበሬውን እንደ ልቧ ለቀቀችበት። ምሳ ዕቃው እንዲህ ሲመላለስ ፈተና ደረሰ።

ፈተናው የቃል ነበር። ሰር ያንኑ ምሳ ዕቃ ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

"እኔ ምን አደረግሁ?"

"ሌንድ።"

"አንቺስ?"

"ቦሮው።"

ልቤ ሞቅ አለ። ሰር ግን ዕቃውን ትንሽ አየት አደረጉና "እናትሽስ?" አሉኝ።

እናቴ አላዋሰች፣ አልተዋሰች። የአባቴ የጨው ጆንያ ፊቴ ድቅን አለ።

"አላውቅም፣ ሰር" አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

"እኔም አላውቅም" አሉና ማለፊያ ሰጡኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው በዚያች ባለቻቸው አማርኛ "በርበሬ... ትንሽ" አሉ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ማለፌን ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ እጄን አየችና ደነገጠች።

"ምሳ ዕቃውስ? ባዶውን ተውሽላቸው?"