ዝግ ብዬ የጻፍኩት ቤት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ ጂንካ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። በርሜሎቹንና የውሃ ታንከሩን በባትሪ እያበራች አንድ በአንድ ካየች በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ የሚራባ አዲስ ዓይነት የወባ ትንኝ በሌሎች ከተሞች ስለተገኘ፣ እኛም ዘንድ መኖር አለመኖሩን የሚከታተሉ ሠራተኞች ሊሠለጥኑ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት። ትንኝ ሲሰበስቡ የገጠመዎትን ያካፍሉን፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃናል" አለችኝ።

እሺ አልኳት። የድሮ ሰው መባሉን ግን አልወደድኩትም። ስለ ትንኝ ግማሽ ቀንም ቢሆን አወራለሁ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነገር ነው። ከሄደች በኋላ ግን ለማንም ያልነገርኩት አንድ ቤት ትዝ አለኝና ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ስዞር፣ ለአንድ የዝናብ ወቅት ትንኝ ሰብሳቢ ሆኜ በኮንትራት ተቀጠርኩ። የሰፈሩ ልጆች "ትንኝ አሳዳጁ" አሉኝ፤ እናቴ እንኳ ስቃብኛለች። የተመደብነው ቆላው ወይጦ ነበር። ከጂንካ ስንነሣ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ሹራብ ደርበን የጭነት መኪና ላይ እንወጣለን። አልዱባ ገበያ በዋለበት ቀን ካለፍን ሙዝና ማር እንገዛለን። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ መጀመሪያ ሹራቡ ይወልቃል፣ ቀጥሎ የሸሚዙ ቁልፍ ይፈታል፤ ወይጦ ስንደርስ አየሩ እንደ ትኩሳታም ሰው ትንፋሽ ፊታችንን ይለበልበናል።

አለቃዬ ጋሽ ማቴዎስ የአሪ ተወላጅ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጧት፣ ሰው እሳት ሳያነድ፣ ቤቱ እንደርሳለን። ሰዉንም ምግቡንም እናስወጣና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ነጭ አቡጀዲ እናለብሰዋለን፤ ቀዳዳውን ደፍነን፣ የትንኝ መድኃኒቱን ነፍተን፣ በሩን ዘግተን እንጠብቃለን። ከዚያ አቡጀዲውን በአራቱም ጫፍ ይዘን ወደ ብርሃን ነው። ደም ስትጠጣ ያደረች ትንኝ ሆዷ ቀልቶ በነጩ ላይ ትታያለች፤ በወረንጦ ለቅመን እንቆጥራታለን።

ለእያንዳንዱ ቤት ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለው፤ ስንት ሰው አደረ፣ ስንት ትንኝ ተገኘ፣ ትኩሳት ያለበት አለ ወይ። ትኩሳት ያለበት ከተገኘ አብሮን ያለው ደም መርማሪ በማግስቱ መጥቶ ደሙን አይቶ መድኃኒት ይሰጠዋል። ባለቤቱ ከከለከለ "እምቢ ያለ" ተብሎ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ጋሽ ማቴዎስ ከደም መርማሪው ጋር ራሳቸው ሄደው ይለምናሉ። ሰው ያልተገኘበት ቤት ላይ "ዝግ" ብለን እናልፋለን። ዝግ የተባለ ቤት ማንም አይመለስበትም።

በሦስተኛው ቀን እኔ አቡጀዲውን በብብቴ ይዤ ቀድሜ ቤቶቹን ሳስፈቅድ፣ አስካለ የምትባል ሴት በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቤተሰቦቿ እንደኔዎቹ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የሰፈሩ ናቸው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር። ከእኔ በፊት ያየችው ጨርቁን ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ነው፣ እህቴ። ትንኙ እንዲታይ ነው።"

"አይነጠፍም።"

"ለአፍታ እኮ ነው፤ ወዲያው እናነሣዋለን።"

"ወንድሜ፣ የታመመ ሰው ባለበት ቤት አቡጀዲ ይነጠፋል? አንተስ የማን ልጅ ነህ?"

የማን ልጅ ነህ ማለቷ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው የሚገነዘው በአቡጀዲ ነው። ሌሎቹ ቤቶች ስላልከለከሉኝ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ ውል ብሎኝ አያውቅም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ አንዲት ልጅ ውሃ ስትጠይቅ ሰማሁ።

"ትኩሳት አላት እንዴ?" አልኩ።

"ብርድ ነው። ይለቃታል።"

ተመለስኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ቅጹን ዘረጋሁና አሰብኩ። "እምቢ ያለ" ብዬ ብጽፍ ጋሽ ማቴዎስ ሊጠይቁኝ ነው። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ "ሰው ማናገር አታውቅም" ብለውኛል፤ ሦስተኛውን መስማት አልፈለግሁም። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለሴትየዋ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሟርቱን ከቤቷ ማራቄ ነው። "ዝግ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ፊደል ብቻ ናት።

ልጅቷ ከዚያ በአራተኛው ቀን አረፈች። ስሟ ብርቄ ነበር፤ ስድስት ዓመቷ ነበር።

በማግስቱ ለቅሶ ደረስን። አባቷ ከመንገድ ተመልሶ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል። ጋሽ ማቴዎስን ሲያያቸው ተነሣ።

"ሰፈሩን ሁሉ ዞራችሁ፣ የጎረቤቶቼ ልጆች ደም ታይቶላቸው መድኃኒት ሲሰጣቸው የኔን ቤት ዘለላችሁት አሉ። ለምን?"

ጋሽ ማቴዎስ ከቦርሳቸው ቅጹን አውጥተው በጣታቸው ፈለጉ። "ዝግ ይላል" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የሄድከው አንተ ነህ። ዝግ ነበር ወይ?"

"አዎ። ዝግ ነበር" አልኩ።

ሰውየው ከሴቶቹ መካከል ወደ ተቀመጠችው ሚስቱ ዞረ። "የት ሄደሽ ነበር?"

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። አሁን ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ውሃ ልቀዳ" አለች።

"ልጅቷን ዘግተሽባት?"

"አዎ።"

አጠገቧ ከነበሩት ሴቶች አንዷ እጇን ከአስካለ ትከሻ ላይ አነሣች። እኔ አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ አልከፈትኩም። ስንመለስ ማደሪያችን አጠገብ ጋሽ ማቴዎስ "ያንን ቤት አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም። ለእግዚአብሔር ንገረው" አሉኝ።

ለእግዚአብሔርስ ነግሬዋለሁ። ለአስካለ ባል ግን አልነገርኩም። ወቅቱ አልቆ ወደ ጂንካ ተመለስኩ፤ በኋላ በዚሁ የትንኝ ሥራ ብቀጥልም፣ ወይጦን ባለፍኩ ቁጥር ከመኪና አልወርድም ነበር። ደሟ በማግስቱ ቢታይ ኖሮ ብርቄ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ አትድንም ነበር ብዬም መማል አልችልም። አስካለ ለምን እንዲያ እንዳለችም አላውቅም። "የመጡትን የመለስኳቸው እኔ ነኝ" ማለቱ ከብዷት ይሆናል። ወይም የእኔን ፍርሃት አይታ አዝናልኝ ይሆናል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን በየዓመቱ ሲከብድ ነው የኖረው።

ሰኞ ሥልጠናው ላይ ተገኘሁ። ስለ ወረንጦውና ስለ አነጣጠፉ ተናገርኩ፤ ሠልጣኞቹም ጻፉ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "ባለቤቱ እምቢ ሲላችሁስ ምን ትጽፉ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ግማሽ ሰዓቴ አልቆ ነበር። ቢሆንም ነገርኳቸው፤ ቤቱን፣ ልጅቷን፣ ለቅሶውን፣ ሁሉንም። 

ያቺ ወጣት ባለሙያ ባጃጅ ድረስ ሸኘችኝ። "ጋሼ፣ ያኔ እኮ ገና ልጅ ነበሩ" አለችኝ፣ ልታጽናናኝ ብላ።

እኔም ወደ ሠላሳ ዓመት ለራሴ እየነገርኩ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ነው ሌላው የታየኝ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አስካለም ከዚያ አትበልጥም ነበር።