ጥቁር አፈር በዘይት ቆርቆሮ

በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ በመንግሥት የመንደር ምሥረታ ዘመቻ፣ በሀዲያ አገር በጊምቢቹ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ቤታቸውን አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር እንዲገቡ ታዘዙ። ሰፊያ ያኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ የአራት ልጆች እናት ነበረች። ባሏ ኑሪ ጨው በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ስለሆነ፣ ጓሮው የእሷ ሥራ ነበር። እንሰቱን የተከለችው፣ የከብቱን ፍግ ጠዋት ጠዋት ተሸክማ ሥሩ ያፈሰሰችው፣ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ጎመን ያሳደገችው እሷ ናት። ሃያ ዓመት ፍግ የጠገበ ጥቁር አፈር ነበር። እጅ ሲነካው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

ቤቱ በሁለት ቀን ፈረሰ። ምሰሶውንና ማገሩን ሰው ተሸክሞ ወሰደው። ጓሮው እዚያው ቀረ።

አዲሱ መንደር ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በመስመር የቆሙበት ቀይ ሜዳ ነው። መቆፈሪያ ሲያርፍበት ድንጋይ ይመልሳል። ከብቶቹም ከመንደሩ ዳር ባንድ በረት ስለታጎሩ ፍግ ከደጅ ራቀ። ሰፊያ ጎመን ብትዘራ ሦስት ቅጠል አውጥቶ ቢጫ ሆነ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎመን ከገበያ ገዝታ የተመለሰች ቀን፣ ጎረቤት እንዳያይባት በነጠላዋ ሥር ደብቃ ገባች።

በማግስቱ ኑሪን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ እንዲያመጣላት ጠየቀችው። የእርዳታ ዘይት የመጣባቸው ቆርቆሮዎች በየገበያው ሞልተዋል።

"ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አላት።

"አፈር ላመጣበት።"

"አፈር እዚህ ጠፍቶ ነው?"

"የራሴን አፈር ነው የምልህ።"

ወደ አሮጌው ቦታ መመላለስ ተከልክሏል። እዚያ የተገኘ ሰው ስብሰባ መሀል ቆሞ ይወቀሳል፣ ሲብስም ይታሰራል። ኑሪ ሦስት ቀን ካሰበ በኋላ ግን አራት ቆርቆሮ አመጣላት።

ሰፊያ እንጨት ለቀማ ብላ እየወጣች፣ ከጓሮዋ አፈሩን ዝቃ፣ በኮባ ሸፍና፣ ጭራሮ ከላይ ደርባ ትመለስ ጀመር። የቆርቆሮዎቹን ቂጥ በምስማር በሳች፤ ውሃው እንዳይጠራቀም ጠጠር ከሥር አነጠፈች። ቆርቆሮው ሲያልቅ አናቱ የተቆረጠ ጀሪካን፣ አፉ የተሰበረ እንስራ፣ ከጊምቢቹ መንገድ ዳር የተጣለ ያረጀ የመኪና ጎማ ጨመረች። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት ተከለች። በበጋው የሳህን እጣቢ እያጠራቀመች አጠጣች። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የቤቷ ግድግዳ ሥር ዙሪያውን አረንጓዴ ሆነ።

የመንደሩ ሊቀመንበር ጴጥሮስ ይባላል። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ፣ በአሮጌው ቀዬ ከእነሰፊያ ወንዝ ማዶ ያደገ ወጣት ነው። ኅዳር ላይ መጥቶ ደጇ ቆመ።

"እትዬ ሰፊያ፣ ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። መሬት ተሰጥቶሽ ሳለ በቆርቆሮ ስትተክዪ ቢያዩ፣ ለመሄድ ተዘጋጅታለች ይላሉ። አንሺው።"

"የት ላንሳው? ልጆቼ የሚበሉት ይህንኑ ነው።"

ጴጥሮስ ቆርቆሮዎቹን ሲያይ ቆየና ሄደ። እሷም አላነሳችም።

እንግዶቹ መጡ። ከመሀላቸው ኮፍያ ያደረገው ኃላፊ በየቤቱ ደረቅ መሬት እያየ መጥቶ ሰፊያ ደጅ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ነካ።

"ይሄ አፈር ከየት መጣ?" አለ በአማርኛ።

ሰፊያ ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ታውቃለች። ያን ጊዜ ግን አፏ ተሳሰረና በሀዲይኛ መለሰች። "ከአሮጌው ቤቴ ነው፤ ተመላልሼ ያመጣሁት" አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረችው የገባት።

ጴጥሮስ ወደ ኃላፊው ዞረ።

"አመድና ፍግ እየቀላቀለች እዚሁ ያዘጋጀችው ነው ትላለች" ብሎ ተረጎመ።

ኃላፊው ደስ አለው። ሌሎቹም ሴቶች ከእሷ ይማሩ ብሎ፣ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ አለፈ። ሰፊያ ቀና ብላ ጴጥሮስን አየችው፤ እሱ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እንጨት ለቀማ የሚወጡ ሴቶች ሲበዙም ጴጥሮስ ምን ያህል እንጨት ይዘው እንደሚመለሱ አልጠየቀም።

በ1982 መጋቢት መንግሥት ፖሊሲውን መለወጡ በራዲዮ ተነገረ። ማንም ፈቃድ ሳይጠብቅ መንደሩን ማፍረስ ያዘ። ሰፊያና ኑሪም ወደ ጓሯቸው ተመለሱ። ሳይነቀሉ የቆዩት ትልልቆቹ እንሰቶች አብበው ደርቀዋል። እንሰት ካበበ አለቀለት፤ ለምግብ አይሆንም። ሰፊያ አንዱን ግንድ በእጇ ገፋ ስታደርገው ወደቀ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ዳዋውን መመንጠር ጀመረች።

ጎረቤት ለጎረቤት እየተጠራራ ቤቱ ሁሉ በአንድ ወር ቆመ። የጴጥሮስ ብቻ አልቆመም። ሰው ጠርቶ የመጣለት የለም። ሚስቱና ሕፃን ልጁ በሸራ ሥር ነበሩ፤ ዝናቡም እየቀረበ ነው።

"ሂድና ምሰሶ አቁምለት" አለችው ሰፊያ ባሏን።

"ቤታችንን ያስፈረሰው ሰው እኮ ነው።"

"የራሱንም አፍርሷል። እኔን ያን ቀን አሳስሮኝ ቢሆን ልጆችህን ማን ያሳድግልህ ነበር?"

ጴጥሮስ ቃሏን ለውጦ መተርጎሙን ኑሪ እስከዚያ ቀን አልሰማም ነበር። ነገረችው። በማግስቱ መጥረቢያውን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላው መጡ፤ በሳምንቱ አሥር ሆኑ።

ሰፊያ የጎመን ችግኝ በኮባ ጠቅልላ ለጴጥሮስ ሚስት ይዛላት ሄደች። ጴጥሮስ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሣር ይከድን ነበር። ሲያያት መውረድ ፈለገ።

"ሥራህን ሥራ፤ ደመናው እየመጣ ነው" አለችውና ከሚስቱ ጋር ችግኙን ሊተክሉ ወደ ጓሮ ዞሩ።