አባቴ ሳይሞት የላክሁት መርዶ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሐሜቱንም፣ ጾም መግደፌንም ተናዝዣለሁ፤ ይህቺን ግን እየዘለልሁ ይኸው ስንት ዓመቴ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስሙኝና ፍረዱ።

ታናሽ እህቴ ሰብለ ከቆቦ ወጥታ አዲስ አበባ አክስታችን ዘንድ ስትገባ፣ ሥራዋ ጎልፍ ለሚጫወቱ ሰዎች ኳስ መልቀም ነበር። ኋላ ራሷ ዱላውን ያዘች፣ ደሞዝተኛ ተጫዋች ሆነች። የሰፈራችን ሰው አላመነም፤ «ወንዶቹ ለገና ዱላ ይዘው በነጻ የሚሯሯጡበትን እሷ በደሞዝ?» ይል ነበር። አባባ ግን ኮራባት። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከተኛ ወዲህ የማገላብጠው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ የማጎርሰው እኔ፤ ካፉ የማትጠፋው ግን ሰብለ። እኔስ ልጁ አይደለሁም?

አንድ ቀን ደወለች። «እትዬ፣ ኬንያ ሄጄ ልጫወት ነው። ከቀናኝ ከዚያ ወዲያ መንገዴ ክፍት ነው» አለችኝ። እሰይ አልኋት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ፤ የደስታ ለቅሶ ግን አልነበረም።

የመሄጃዋ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ላለው የአገራችን ሰዎች እድር ሽማግሌ፣ ለጋሽ ካሳ ደወልሁ። «አባባ... ሰብለን ይዛችሁልኝ ኑ» አልሁና ሳግ የያዘኝ መሰልሁ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አለኝ። እኔ ምን አልሁ? አሜን አልሁ። አባቴ ከጓዳ ውሃ እየጠየቀኝ እኔ አሜን አልሁ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ደጅ ድረስ ተኪዶ ነው። በማግስቱ ሰብለ ሻንጣዋን ይዛ በሩን ስትከፍት፣ ሽማግሌዎቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አገኘቻቸው። የሚነግራት አላስፈለጋትም። አውሮፕላኑ ሲነሳ እሷ ወደ ቆቦ በሚመጣ መኪና ውስጥ ፊቷን ትቧጭር ነበር።

ሮቢትን አልፈው ቆቦ ሲገቡ፣ ከመኪና ወርዳ የጮኸችውን አባባ ካልጋው ሆኖ ሰማ። «ማን ሞቶ ነው?» አለኝ። ገብታ ባየችው ጊዜ እግሩ ላይ ወድቃ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ጋሽ ካሳ ዞሮ አየኝ። «ታሟል ነው ያልሁት፤ ኔትዎርኩ ይቆራረጥ ነበር» አልሁ። ምስኪን፣ «ጥፋቱ የኔ ጆሮ ነው» ብሎ ጎንበስ አለላት። ኬንያ በሷ ፈንታ ሌላ ልጅ ሄደች። ሰብለ ለዓመታት የሀብታም ልጆችን ዱላ አያያዝ ስታስተምር ቆየች።

ኬንያ የመሄድ ሁለተኛው ዕድል በመጣላት ሰሞን አባባ የእውነት አረፈ። የእድሩ ሽማግሌዎች መርዶውን ይዘው ደጇ ሲደርሱ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እንደ ያኔው ነው አይደል? አባባ ደህና ነው?»

ድንኳን እየተተከለ ነበር። ልክሳት ፈለግሁ። «ደህና ነው፣ ሂጂ» አልኋት። ለጋሽ ካሳ ለብቻው ደውዬ፣ ስትመለስ ትረዳ ብዬ ለመንሁት። እሷ ስትጫወት እኛ ቀበርነው። መጀመሪያ ጨዋታዋን ወሰድሁባት፤ አሁን ደግሞ አባቷን መሸኘት ነጠቅኋት። ማን ሹሞኝ ነው እንዲህ የምቆርጥላት?

ከኬንያ ስትመለስ ተረድታ መጣች። ስታለቅስ ውላ፣ ሰው ሳሳ ሲል አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «የኋለኛውስ ለኔ ብለሽ ነው። የፊተኛውስ?» አለችኝ። ለለቀስተኛ ውሃ ላቀርብ ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ትደውላለች፣ ትጦረኛለች፤ ደግማ ግን አልጠየቀችኝም።

ሰብለ፣ ብቻዬን ማስታመም አቅቶኝ ነው ብል ሰውም ባዘነልኝ። አይደለም። ይቅር በይኝ የምልበትም አፍ የለኝም። እንዳታሸንፊ ብዬ ነው ያስመጣሁሽ።