የበረዶ ቤቱ ሁለተኛ በር

ዘርፉ ተወልዳ ያደገችው ናዝሬት ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት በኋላ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር በበረዶ ቤት ጠባቂነት ስትቀጠር እናቷ ደስ አላላቸውም።

«ለዓሣ ሽታ ብለሽ ነው አገርሽን የምትለቂው?» አሏት።

«ሽታው ይለመዳል፣ እማዬ» አለችና ሄደች።

በረዶ ቤቱ አንድ በር ያለው የግንብ ክፍል ነበር። ጠዋት ጠዋት አጥማጆቹ ከጀልባ እየወረዱ ዓሣቸውን በሣጥን በሣጥን ያስገባሉ፤ ከሰዓት በኋላ የናዝሬትና የላንጋኖ ሆቴሎች መኪኖች መጥተው ይጭናሉ። ማንም ሹፌር በር አጠገብ ያገኘውን አንስቶ ይሄዳል።

በዐቢይ ጾም ሰሞን፣ ገበያው በደራበት ጊዜ፣ ከናዝሬት አንድ ሆቴል የተበላሸ ዓሣ ተመለሰ። ሣጥኖቹ ላይ የኢተፋ መለያ የሆነው ቀይ ቀለም አለ። ኢተፋ ከሁሉም ቀድሞ ሐይቅ የሚወርድ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ የማኅበር ንብረት ማበላሸት በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አልነበረም፤ «አሻጥር» የምትለዋ ቃል ከተነሳች መዘዟ ብዙ ነው። ማኅበሩ በጠራው ስብሰባም ላይ ተነሳች።

«ያደረ ዓሣ ከትኩሱ ደባልቆ ነው ያስገባው» አለ አንዱ።

ኢተፋ አንገቱን ደፋ። ዘርፉ እጇን አነሳች። ብትናገር ነገሩ ወደ እሷ እንደሚዞር ታውቃለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዓሣው ሲገባ ትኩስ ነበር። የተቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አበላሸው?» አለ ሊቀመንበሩ ኃይለየሱስ።

«በሩ አንድ ነው። ቀድሞ የመጣ ሣጥን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ዘግይቶ የመጣው ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ቀድሞ ይጫናል። ጋሽ ኢተፋ ሁልጊዜ ስለሚቀድሙ የእሳቸው ሣጥን ግድግዳ ሥር እንደተረሳ ይቀራል። ጠባቂዋ ግን እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

ኃይለየሱስ ተነስቶ «እንየው» አለና ሁሉም ተከትለውት ወጡ። እጅጌውን ሰብስቦ ሣጥኖቹን ራሱ እየጎተተ አወጣ። ግድግዳው ሥር የሌሎች አጥማጆች ዓሣም ተገኘ፤ ያም ሸትቷል።

«ኦቦ ኢተፋ፣ በድለንዎታል» አለ። ከዚያ ወደ ዘርፉ ዞረ። «ምን ይሻላል?»

ዘርፉ ከመመለሷ በፊት ኢተፋ ተናገረ። «በሐይቁ በኩል ያለውን ግንብ ነድለን ሌላ በር እናውጣለት። እኛ በዚያ እናስገባ፣ እነሱ በዚህ ያውጡ።»

ግንቡን አጥማጆቹ ራሳቸው ነደሉት። መጀመሪያ ላይ ግን ነገሩ ይባስ ተደበላለቀ። ሁሉም በአንዴ እየተጋፋ ገብቶ ክፍተት ባገኘበት ሣጥኑን ይሸጉጣል፤ ሹፌሮቹም ትኩስ ፍለጋ በሐይቁ በር ዞረው ይመጣሉ። ዘርፉ አንድ ማታ ተስፋ ቆርጣ አለቀሰች። በማግስቱ ኢተፋን ይዛ ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር የሚደርስ፣ ሣጥን በሰልፍ ብቻ የሚያሳልፍ የእንጨት መተላለፊያ አስገጠመች። በየበሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ እንዳይገባ ከለከለች። መተላለፊያው ከሞላ አጥማጅ ጥላ ሥር ይጠብቃል፤ ባዶ ከሆነ ሹፌር ይጠብቃል።

የላንጋኖው ሹፌር ዘገዬ ተቆጣ። «ትኩሱን እያየሁ የትናንቱን ልጫን?»

«የትናንቱ በረዶ ላይ ያደረ ነው፣ ምንም አልሆነም። ዛሬ ካልወሰድከው ግን ነገ የሚወስደው የለም። የዛሬውን ነገ ታገኘዋለህ።»

እያጉረመረመ ጫነ። በማግስቱ ሲመለስ ተራውን ጠብቆ ቆመ።

ክረምቱ እስኪገባ የተመለሰ ሣጥን አልነበረም። ወሬው የደረሳቸው የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት አምራቾች የራሳቸውን መጋዘን ሊሠሩ ነበርና ዘርፉን ሊያማክሩ መኪና ላኩላት። ደርሳ ስታይ ጣራው ገና አልተመታም፤ ግድግዳው ወገብ ድረስ ብቻ ቆሟል።

«አካም ቡልቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አላት የግንበኞቹ አለቃ ፈይሳ። «ከየት እንጀምር?»

ዘርፉ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጭቃውን ተሻግራ ወደ ውስጥ ገባች።

«መጀመሪያ ገበሬው በየት በኩል እንደሚመጣ አሳዩኝ» አለች።