ሃያው ባዶ ዙር

መርሳ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ የእህል ወፍጮ ነበረን። መብራት ስለሚጠፋ አባቴ በናፍጣ የሚሠራውን አሮጌ ሞተር አልተዉትም። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ወፍጮ ቤት ቀረሁ፤ አባቴን ወገባቸውን ካመማቸው በኋላ ሞተሩን የማስነሣው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ባለችው ክፍል ይተኛሉ።

ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ብረት ከብረት የሚፋቅ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ከወልዲያ የመጣው መካኒክ መጀመሪያ ዘይቱን አየ። አባቴ ለአሮጌ ሞተር ይበጃል ብለው በጣም ወፍራም ዘይት ያደርጉበት ነበር። መካኒኩ እሱን አውጥቶ ቀጠን ያለ ጨመረበት። ሞተር የሚያልቀው ቀን ሲሠራ ሳይሆን ጠዋት ሲነሣ ነው አለ። አባቴ መርሳ ምን ብርድ አለና ብለው ሳቁ።

«ብርዱ አይደለም አባባ። ሌሊት ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ብረቱ ደርቆ ያድራል።»

እኔንም አሳየኝ። ትንሿን ማንሻ ከፍ ካደረግሁ ሞተሩ ሳይነሣ ይዞራል፤ በእጀታው ሃያ ጊዜ አዙሬ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ማንሻዋን መልሼ ማስነሣት፣ ከዚያም እህል ሳይገባበት ጥቂት ማሞቅ ነው።

ክረምቱን በሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። ድምፁም ጠፋ።

የመስቀል ሰሞን የአስፈጪው ሰልፍ መንገዱ ድረስ ወጣ። እጀታውን በባዶ ሳዞር ከውርጌሳ በኩል የመጡ አንዲት እናት ጤፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

«እኛ እንዲነሣ እንጠብቃለን፣ እሷ እሹሩሩ ትለዋለች» አሉ።

ሰልፉ ሳቀ። ክፉ ሴት አልነበሩም። እኔ ግን ሰው ሲያየኝ እጄ ይተሳሰራል። ስድስተኛው ዙር ላይ አስነሣሁት፤ እህሉንም ወዲያው ለቀቅሁበት።

በማግስቱም ሰው ነበር። ለምን እንደማዞረው ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ አልወጣኝም። ከነገ ጀምሮ እያልኩ ዓመቱ ዞረ። ድምፁ ሲመለስ ከእኔ ሌላ የሰማው ያለ አልመሰለኝም።

አንድ ጠዋት ሞተሩ ጮኾ ቀጥ አለ። እጀታውም አልዞር አለ። መካኒኩ ከፍቶ የተፋቀውን ብረት በጣቱ ዳሰሰና ይኼ ከእንግዲህ አይሠራም አለ። በባዶ ታዞሪው ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ ጠሩኝ።

«መስቀል ጊዜ ነው ያቆምሽው። እዚህ ተኝቼ ዙሩን እቆጥር ነበር።»

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«ሰው ሲስቅብሽም ሰምቻለሁ። እኔ ብጨምርበት ወፍጮውን ጭራሽ ትተሽው ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

አሁን ሰዎቹ እህላቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ በደጃችን ያልፋሉ። አባቴ ዛሬም በዚያው ሰዓት ይነቃሉ። እኔም እነቃለሁ። ሁለታችንም የተኛን መስለን እንቆያለን።